ለአሮጌ ከባድ መኪና ክሩዝ ኮንትሮል መግጠም፦ ከመያዙ ይልቅ መልቀቁ ያስቸገረበት አንድ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

አሮጌ ከባድ መኪና ላይ ክሩዝ ኮንትሮል፣ ማለትም ሹፌሩ ፔዳል ሳይረግጥ መኪናው የተወሰነ ፍጥነት እንዲይዝ የሚያደርግ ሥርዓት፣ መጨመር ይቻላል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው። ይቻላል። ጠያቂው ግን ብዙ ጊዜ ማወቅ የሚፈልገው «ፍጥነቱን ይይዝልኛል?» የሚለውን ብቻ ነው። እዚህ በምጽፈው ጉዳይ ፍጥነት ማስያዙ ከሁሉም የቀለለው ሥራ ነበር። ጊዜ የፈጀው፣ ክርክርም ያስነሳው፣ ሹፌሩ እንዲለቅ በፈለገ ጊዜ ሁሉ በእርግጥ የሚለቅ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። የሞተሩን ዓይነት ግን እነግራችኋለሁ፤ ያለዚያ ግማሹ ነገር አይገባም።

መኪናውና ባለቤቱ

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራ፣ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ነው። ሞተሩ ዲትሮይት ዲዝል ሲሪስ 60 ነው። ባለ 13 ማርሽ ካምቢዮ አለው፤ ማርሾቹ ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ሲገባ ዙሮቹን የሚያስተካክል ክፍል) የላቸውም። ኤሌክትሪኩ 12 ቮልት ነው። የፍሬን ሥርዓቱ እንደማንኛውም የዚህ ዓይነት መኪና በአየር ይሠራል።

ባለቤቱ ራሳቸው ይነዱታል። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው። የሚሄዱበት መንገድ ረጅምና አብዛኛው ሜዳ ነው። የነዳጁን ፔዳል ለሰዓታት በአንድ ልክ ረግጦ መያዝ ቀኝ ቁርጭምጭሚታቸውን ይጎዳቸው ነበር። መጀመሪያ ላይ የፈለጉት ይህንን ማሳረፍ ብቻ ነው፤ ናፍጣ ስለመቆጠብ ያነሱት በኋላ ነው። ይህን የማነሳው የፈለጉት ነገር ምን እንደሚበቃቸው ስለሚወስን ነው። ለእግር ዕረፍት ያን ያህል የረቀቀ ነገር አያስፈልግም።

መኪናውን የገዙት ያገለገለ ሆኖ ነው። ዳሽ ቦርዱ ላይ የክሩዝ ማብሪያ የለም። ስለዚህ ባለቤቱም፣ መጀመሪያ ያማከሩት ኤሌክትሪሺያንም «ይሄ መኪና ክሩዝ የለውም» ብለው ደመደሙ። ከዚያ ከውጭ የሚገጠም የክሩዝ ኪት (የዕቃ ስብስብ) ተገዛ።

ኪቱ ለምን አልሆነም

የተገዛው ኪት ለብዙ ዓይነት መኪና ተብሎ የሚሸጥ ነው። ትንሽ ሞተር አለው፤ ካቦ ይስባል፤ ካቦው የነዳጁን ዱላ፣ ማለትም የሞተሩን ነዳጅ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ክንድ፣ ይጎትታል። የፍሬን ምልክቱን የሚወስደው ከኋላ ፍሬን መብራት ሽቦ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ካቦውን የሚያስሩበት ዱላ መጥፋቱ ነበር። ሲሪስ 60 እ.ኤ.አ. በ1987 ገበያ ሲወጣ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ሆኖ ነው የወጣው። ከፔዳሉ ወደ ሞተሩ የሚሄድ ዘንግም ካቦም የለውም። ፔዳሉ ሥር ያለው ሴንሰር ነው፤ እሱም ምን ያህል እንደተረገጠ በቮልት ለሞተሩ ኮምፒውተር ይናገራል። የናፍጣውን መጠን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ይህንን ለማወቅ ተንበርክኮ የፔዳሉን ጀርባ ማየት በቂ ነበር። ኪቱ ከመገዛቱ በፊት ግን ያየው አልነበረም።

ኤሌክትሪሺያኑ ብልህ ሰው ነው፤ ተስፋ አልቆረጠም። «ጋሼ፣ ካቦውን ራሱ ፔዳሉ ላይ ብናስረውስ?» አላቸው። ማለትም የኪቱ ሞተር በእግራቸው ፈንታ ፔዳሉን ይሳበው ነው። ሐሳቡ የሚያስቅ ይመስላል እንጂ ይሠራ ነበር፤ ፍጥነቱንም ይይዝ ነበር። እኔ የተጠራሁት እዚህ ላይ ነው፤ እንዳይሠራ የተቃወምኩትም እኔ ነኝ።

ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ካቦው ከተሰነከለ ፔዳሉ ተረግጦ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ደግሞ የተረገጠ ፔዳል ሲያይ ሹፌሩ ነዳጅ የጠየቀ ነው የሚመስለው። የሚጠራጠርበት ምክንያት የለውም። ሁለተኛ፣ ከፍሬን መብራት የሚወሰደው ምልክት እምነት የሚጣልበት አይደለም። የዚህ ዓይነት ኪቶች ፍሬን ሳይረገጥ በመብራቱ አምፖል ክር በኩል ማሳ (የኤሌክትሪኩን መመለሻ) ማግኘት አለባቸው። የባለቤቱ ተሳቢና መኪና መብራቶች በኤልኢዲ ተቀይረዋል። ኤልኢዲ ደግሞ እንደ አምፖል ክር አያሳልፍም። ኪቱ ጭራሹን እምቢ ሊል ወይም በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) መታለል ሊያስፈልገው ነው። ደህንነትን የሚጠብቅ መስመር በማታለል ሲጀመር ደስ አይለኝም።

ኪቱ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ።

ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው

ክሩዝ ኮንትሮል በዚህ ሞተር ላይ የተለየ ዕቃ አይደለም። በሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፕሮግራም ነው። የሚያስፈልገው ጥቂት ምልክት ነው፦ ክሩዙ በርቷል፣ ይህን ፍጥነት ያዝ፣ ወደ ቀድሞው ተመለስ፣ ፍሬን አልተረገጠም፣ ፍሪሲዮን አልተረገጠም፣ የመኪናው ፍጥነት ይህን ያህል ነው። ነዳጁን አሁንም እሱ ነው የሚቆጣጠረው። ስለዚህ የሚጨመር ሞተር፣ የሚሳብ ካቦ አይኖርም።

መመርመሪያ መሣሪያ ሰክተን የኮምፒውተሩን ምርጫዎች አየን። ክሩዙ ተዘግቷል። ክፍሉ ግን አለ። የመኪናው ፋብሪካ ክሩዝ ላለውም ለሌለውም ተመሳሳይ የሽቦ እቅፍ አስገብቶ ነበር። በዳሽ ቦርዱ ጀርባ የክሩዝ ሽቦዎቹ ጫፋቸው ተሸፍኖ ተጠቅልለው ተገኙ። ባለቤቱ ይህን ሲያዩ ስለ ኪቱ ገንዘብ አንድ ሁለት ቃል ተናገሩ፤ አልጽፈውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በዚህ የኮምፒውተር ዓይነት ላይ የትኛው የመግቢያ ሽቦ ምን ሥራ እንደሚሠራ በፕሮግራም ይመደባል። አንዱ የመኪና አምራች ለክሩዝ የመደበውን ቦታ ሌላው ለሌላ ሥራ መድቦት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ተመሳሳይ ሞተር ነው» ተብሎ ከሌላ መኪና የተገኘ የሽቦ ንድፍ መከተል አደገኛ ነው። እኛ የተከተልነው የዚያኑ መኪና ንድፍ ነው። በሽቦው ላይ የታተመውን ቁጥርና መሣሪያው ስክሪን ላይ ያለውን ምደባ አስተያይተን ሦስቱም ሲስማሙ ብቻ ቀጠልን።

የሚለቁት ማብሪያዎች

ሥራውን የጀመርነው ከፍሬንና ከፍሪሲዮን ነው። የክሩዝ ማብሪያዎቹን ገና አልገዛንም ነበር። ባለቤቱ «ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ እንዴ?» አሉን። የማይለቅ ክሩዝ ግን ለአንዲት ደቂቃም መንገድ መውጣት የለበትም።

መጀመሪያ ማብሪያዎቹ እንዴት እንደተሠሩ ልግለጽ፤ የነገሩ ቁልፍ ይኸው ነው። የፍሬን መብራት ሲበራ የምናውቀው ማብሪያ ፍሬን ሲረገጥ ይገናኛል። ለክሩዝ የሚያገለግለው ግን ተቃራኒው ነው። ፍሬን ሳይረገጥ መስመሩ ተገናኝቶ ይቆያል፤ ሲረገጥ ይቋረጣል። ኮምፒውተሩ መስመሩ ተገናኝቶ እስካየ ድረስ «ፍሬን ነፃ ነው» ይላል። ሽቦ ቢበጠስ፣ ሶኬት ቢወልቅ፣ ማብሪያው ቢሰበር መስመሩ ይቋረጣል። ያኔ ኮምፒውተሩ ፍሬን የተረገጠ ይመስለውና ክሩዙን ይለቃል። ማለትም ዕቃው ሲበላሽ ስህተቱ ወደ ደህናው ጎን ነው የሚያዘነብለው። ከፍሬን መብራት ምልክት ብንወስድ ግን የመብራቱ ፊውዝ የተቃጠለ ቀን ክሩዙ ፍሬን መረገጡን አያውቅም ነበር።

ሞተሩን ሳናስነሳ ቁልፉን ከፍተን፣ የመሣሪያውን የማብሪያዎች ገጽ አውጥተን አንድ በአንድ ፈተንን። ፍሬኑ ደህና ነበር። ማብሪያው ፔዳሉ ላይ ሳይሆን የአየር መስመሩ ላይ ነው ያለው፤ ትንሽ ግፊት ሲያገኝ ይቋረጣል። ፔዳሉን ነካ ሲያደርጉት ስክሪኑ ላይ ይቀየራል።

ፍሪሲዮኑን ረገጥን። ስክሪኑ ላይ ምንም አልተለወጠም። ደግመን ረገጥን። «ነፃ ነው» ይላል።

ማብሪያው ቦታው ላይ አልነበረም። ሁለቱ ሽቦዎች ተልጠው፣ እርስ በርስ ተጠምዝዘው፣ ፕላስተር ተጠቅልሎባቸዋል። ኮምፒውተሩ ለዘመናት ፍሪሲዮን ተረግጦ አያውቅም ብሎ ነው የኖረው።

ይህን ያደረገው ሰው ክፉ አስቦ አይመስለኝም። የፍሪሲዮኑ ማብሪያ ለሞተር ፍሬኑም (ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ለሚያደርገው ሥርዓት) ያገለግላል፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሞተር ፍሬን መሥራት ማቆም አለበት። ማብሪያው የተሰበረ ጊዜ መስመሩ ተቋርጦ ይቀራል፤ የሞተር ፍሬኑም አልሠራ ይላል። ሽቦዎቹን ማገናኘት ያንን ችግር ወዲያው ይፈታል። መኪናው ክሩዝ ስላልነበረው ሌላ ጉዳቱ ጎልቶ አልታየም። ክሩዝ በገባ ዕለት ግን ይታይ ነበር። ሹፌሩ በ90 ኪሎ ሜትር ፍሪሲዮን ይረግጣል። ጭነቱ ከሞተሩ ይላቀቃል። ኮምፒውተሩ ፍጥነቱ መቀነስ ሲጀምር ያያል፤ ነዳጅ ይጨምራል። ጭነት የሌለው ሞተር ወዲያው እስከ መጨረሻው ገደብ ይጮኻል። የሞተሩን ዙር የሚገድበው ክፍል ሞተሩን ከመፈንዳት ይጠብቀው ይሆናል፤ ሹፌሩን ከመደንገጥ ግን አይጠብቀውም። የደነገጠ ሹፌር ደግሞ ከ30 ቶን በላይ ይዞ ነው የሚደነግጠው።

አዲስ ማብሪያ ተገዛ። ፔዳሉ ገና መውረድ ሲጀምር፣ ፍሪሲዮኑ ከመለያየቱ በፊት እንዲቋረጥ አድርገን አስተካከልነው።

ሦስተኛውን ነገር ያነሱት ባለቤቱ ናቸው። ቁልቁለት ላይ አንዳንዴ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ ይይዛሉ። «እሱንስ ያውቀዋል?» አሉ። ሞከርነው። አያውቀውም። የአየር ማብሪያው ያለበት መስመር ከእግር ፍሬን የሚመጣው ነው፤ የእጁ ፍሬን አየር ወደ ተሳቢው ሲሄድ እዚያ አያልፍም። ተሳቢው ፍሬን ይዞ፣ ጎታቹ በክሩዝ እየገፋ ማለት ነው። የፍሬን ሸራ ይቃጠላል፤ ሹፌሩም ለምን እንደማይቀንስ ግራ ይገባዋል። ተመሳሳይ የአየር ማብሪያ በተሳቢው መስመር ላይ ጨመርን። ከመጀመሪያው ጋር በተከታታይ አገናኘነው። ከሁለቱ አንዱ ሲቋረጥ ክሩዙ ይለቃል። ይህን ፍተሻ እኔ በዝርዝሬ አልያዝኩትም ነበር። አሁን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

የማይፈታ ነገርም አለ። ባለቤቱ እንደ ብዙ ልምድ ያላቸው ሹፌሮች ማርሽ የሚቀይሩት ፍሪሲዮን ሳይረግጡ፣ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጡ ነው። ፍሪሲዮን ካልተረገጠ የፍሪሲዮኑ ማብሪያ ምንም አይናገርም። ለዚህ የሽቦ መፍትሔ አልፈለግንም። ማርሽ ከመንካታቸው በፊት ክሩዙን በማብሪያው ወይም ፍሬኑን ነካ በማድረግ እንዲያጠፉ ተስማማን። ልማድ መቀየር ከሽቦ መቀየር እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እሳቸው ግን ወዲያው ለመዱት።

ማብሪያና ሽቦ

ይህ ክፍል ቀላሉ ነው፤ ቢሆንም ሁለት ነገር አበላሽተን አስተካክለናል።

የሚያስፈልጉት ሁለት ማብሪያዎች ናቸው። አንዱ ክሩዙን የሚያበራና የሚያጠፋ፣ ሲጫኑት እዚያው የሚቀር። ሌላው በአንድ በኩል «ያዝ»፣ በሌላ በኩል «ተመለስ» የሚል፣ ጣት ሲለቀው ወደ መሐል የሚመለስ። መጀመሪያ የመጣው ሁለተኛው ማብሪያ የማይመለስ ዓይነት ነበር። መልኩ ያው ነው። ግን «ተመለስ» የሚለው ተጭኖ ሲቆይ ኮምፒውተሩ «ጨምር» ብሎ ነው የሚረዳው። እዚያው የሚቀር ማብሪያ ማለት ያለማቋረጥ ፍጥነት የሚጠይቅ ማብሪያ ነው። ጠረጴዛ ላይ በኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትር ስንፈትነው ስላወቅን ወደ መኪናው አልገባም።

ሌላው የማብሪያው ጥራት ነው። በእነዚህ መስመሮች የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው። ለትልቅ መብራት የተሠራ ማብሪያ ትንሽ ሲቆይ ጥርሶቹ (የሚነካኩት ብረቶች) ላይ ዝገት ይይዛል። ትልቅ ኤሌክትሪክ ዝገቱን እያቃጠለ ያልፋል፤ ትንሹ ግን አያልፍም። ለአነስተኛ ምልክት የተሠራ፣ ጥርሱ በወርቅ የተለበጠ ማብሪያ ይሻላል።

ቦታውንም ቀይረናል። መጀመሪያ ከማርሽ ዱላው አጠገብ፣ ባዶ ቀዳዳ ስለነበረ እዚያ ገጠምነው። ባለቤቱ ሊነኩት ሲሉ ዓይናቸው ከመንገድ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ላይ፣ ከመሪው በስተቀኝ ወዳለው የዳሽ ቦርድ ክፍል አዛወርነው። መሪው ላይ ማድረግ ያምር ነበር፤ ከሚዞር መሪ ሽቦ ማሻገር ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ለዚህ መኪና አያዋጣም።

ማሳውን በተመለከተ፣ የማብሪያዎቹን መመለሻ ካቢኑ ብረት ላይ አላሰርንም። ለኮምፒውተሩ በተመደበው የመመለሻ ሽቦ ነው ያገናኘነው። የአሮጌ ካቢን ብረት በዝገትና በቀለም የተሞላ ስለሆነ ሌሎች መብራቶች ሲበሩ ቮልቱ ይዋዥቃል። መጠምዘዝና ፕላስተር አልተጠቀምንም፤ ውሃ በማያስገባ ሶኬት ተጨፍልቆ ተያዘ። ስንፈትሽም ባለ አምፖል መሞከሪያ ሳይሆን ሜትር ነው የተጠቀምነው። አምፖሉ የኮምፒውተር መስመር ከሚችለው በላይ ሊስብ ይችላል።

82 ላይ የቆመው ፍጥነት

በኮምፒውተሩ ክሩዙን ከፈትን። ከፍተኛውን የክሩዝ ፍጥነት 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት አደረግነው። ባዶ ተሳቢ ይዘን፣ መኪና የማይበዛበት ሜዳ ላይ ወጣን።

ያዘ። ፍሬን ሲነካ ለቀቀ። ፍሪሲዮን ሲነካ ለቀቀ። የተሳቢው የእጅ ፍሬን ሲያዝም ለቀቀ። ባለቤቱ እግራቸውን ዘርግተው ሳቁ።

ከዚያ 88 ላይ «ያዝ» ሲሉት መኪናው ቀስ እያለ ወደ 82 ወረደ። ደጋግመን ሞከርን፤ ያው ነው። ነዳጅ አነሰው? አይደለም፤ በፔዳሉ 88 ያለ ችግር ይሄዳል። ሴንሰሩ ነው? ሴንሰሩ ቢዛባ የሚዋዥቅ ነበር፤ ይህ ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው።

መልሱ ጎማው ነው። ኮምፒውተሩ ፍጥነትን የሚያውቀው ከካምቢዮው ጀርባ ካለች ባለ 16 ጥርስ ቀለበት ነው። ጥርሶቹ በሴንሰሩ ፊት ሲያልፉ ይቆጥራል። ቁጥሩን ወደ ኪሎ ሜትር ለመለወጥ ሁለት ነገር ይነገረዋል፤ የዲፈረንሻሉ ልክ (ጎማው አንዴ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) እና ጎማው በአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ጊዜ እንደሚዞር። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ 11አር24.5 ጎማ ነበረው፤ በኪሎ ሜትር ወደ 295 ጊዜ ይዞራል። አሁን ያለው 295/75አር22.5 ነው። ትንሽ ስለሆነ ወደ 322 ጊዜ ይዞራል። ኮምፒውተሩ ግን የድሮውን ነው የሚያውቀው። ስለዚህ መኪናው በእውነት 82 ሲሄድ እሱ 90 ደርሷል ይላል፤ ገደቡ ላይ ነው።

ዳሽ ቦርዱ ላይ ያለው የፍጥነት መለኪያ ለምን ልክ ሆነ? ጎማው በተቀየረ ጊዜ አንድ ሰው መለኪያውን ከጀርባው ባሉ ትናንሽ ማብሪያዎች አስተካክሎታል። ኮምፒውተሩን የነካው የለም። ሁለቱ አንድ ሴንሰር ያነባሉ፤ የሚያሰሉት ግን ለየብቻ ነው።

አዲሱን ቁጥር አስገባን። ዲፈረንሻሉ 4.11 ነው። 322 በ4.11 በ16 ሲባዛ በኪሎ ሜትር ወደ 21,175 ጥርስ ይሆናል። ከዚያ በሁለት መንገድ አረጋገጥን፤ በጂፒኤስና በሞተሩ ዙር። የመጨረሻው ማርሽ 0.73 ስለሆነ በ90 ኪሎ ሜትር ሞተሩ በደቂቃ 1,450 አካባቢ መዞር አለበት። ዙር መለኪያው እዚያው ላይ ነበር።

የእኛ ስህተት ወደ ዝቅተኛው መሆኑ ዕድል ነው። ጎማው በትልቅ የተተካ ቢሆን ኮምፒውተሩ 90 ሲል መኪናው በእውነት ከዚያ በላይ ይሄድ ነበር። የፍጥነት ገደቡም አብሮ ይሳሳታል።

መንገድ ላይ የታየው

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባለቤቱ ደወሉ። ክሩዙ ኮረኮንች ላይ ራሱን ያጠፋል። ጥፋቱ ወደ ደህናው ጎን መሆኑ ጥሩ ነው፤ ቢሆንም ያሰለቻል። መጀመሪያ የፍሪሲዮኑን ማብሪያ ትንሽ ወደ ኋላ መለስነው። ለተወሰነ ጊዜ ተሻለ፤ ከዚያ ተመለሰ። ማብሪያው ጥፋተኛ አልነበረም። የፔዳሉ ቡሽ (ፔዳሉ የሚዞርበት ቀለበት) አልቆ ፔዳሉ በመንገዱ ይንቀጠቀጣል። ቡሹ ሲቀየር ጠፋ። ማብሪያውን ይበልጥ ወደ ኋላ ብንገፋው ኖሮ መጥፋቱ ይቆም ነበር፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ግን ዘግይቶ ይለቅ ነበር። እንዲህ ዓይነት «መፍትሔ» ነው ያን የተጠመዘዘ ሽቦ የወለደው።

ሜዳ ላይ ክሩዙ እንከን የለውም። ረጅም ዳገት ላይ ግን እንደ ጥሩ ሹፌር አያስብም። ዳገቱን አስቀድሞ አያየውም። ፍጥነቱ ሲወርድ ነው ነዳጅ የሚያፈሰው፤ ማርሽ ካልተቀየረ ደግሞ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ያስጨንቀዋል። ጫፍ ላይ ሲደርስም ሹፌር ቀድሞ እግሩን የሚያነሳበት ቦታ ላይ እሱ ገና ይገፋል። ባለቤቱ ከዳገት በፊት ያጠፉታል።

ቁልቁለት ላይ ክሩዙ ማድረግ የሚችለው ነዳጅ መቁረጥ ብቻ ነው። ጭነቱ ከገፋ ፍጥነቱ ከተያዘው ያልፋል። ኮምፒውተሩ የሞተር ፍሬኑን በክሩዝ ላይ እያለ በራሱ እንዲያስነሳ ማድረግ ይቻላል። እኛ አልከፈትነውም። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ በባዶ ተሳቢ ይመለሳሉ፤ በእርጥብ መንገድ የኋላ ጎማዎች ሳይታሰብ በሞተር ፍሬን ሲያዙ ጎታቹ ወደ ተሳቢው ሊታጠፍ ይችላል። ይህ የእኔና የእሳቸው ምርጫ ነው፤ ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ቢያደርገው አልከራከርም። ዝናብ ሲጥል ክሩዝ እንደማይበራ ግን ያለ ክርክር ተስማምተናል።

ናፍጣ ቀንሷል ወይ? እሳቸው ቀንሷል ይላሉ። እኔ አላረጋገጥኩም። ጭነቱ፣ ነፋሱና መንገዱ በየጉዞው ይለያያል። በዚያ ላይ በዚሁ ሰሞን የጎማ አየር መፈተሽም ጀምረዋል። ቁርጭምጭሚታቸው ግን አርፏል፤ የተፈለገውም እሱ ነበር።

ያልተጠበቀ ጥቅምም ተገኘ። መኪናው ቆሞ የማቆሚያው ፍሬን ሲያዝ እነዚያው ማብሪያዎች የሞተሩን ዙር ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። አየር ሲሞሉና በብርድ ሞተር ሲያሞቁ ይጠቀሙበታል።

ወደ ሌላ መኪና ሲሄድ

ተመሳሳይ ሥራ ለሚያስብ ሰው የምለው የመጀመሪያው ነገር ፔዳሉን ገልብጦ ማየት ነው። ሽቦ ብቻ ካለ ኪት ከመግዛት በፊት ኮምፒውተሩ ይጠየቅ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተሠሩ ብዙ ትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች ክሩዙን በውስጣቸው ይዘውት ነው የሚዞሩት፤ የጎደለው ማብሪያና ፈቃድ ነው። ፈቃዱ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ሊሆን ስለሚችል፣ የቀድሞው ባለቤት ከመጥፋቱ በፊት ቢጠየቅ ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፣ በአሮጌ መኪና ላይ አዲስ ሥራ ሲጨመር የድሮ ቅጥያዎች ሁሉ እንደገና መታየት አለባቸው። ትናንት ጉዳቱ የማይታይ የነበረ ቅጥያ ነገ ሰው ሊገድል ይችላል። መሣሪያ ካለ እያንዳንዱን ማብሪያ ስክሪን ላይ እያዩ መርገጥ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። መሣሪያ ከሌለ ሜትር ይበቃል።

ሦስተኛ፣ የሙከራው ቅደም ተከተል አይዘለል፦ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ከዚያ ቆሞ ሞተሩ ተነስቶ፣ ከዚያ ባዶ መኪና ሜዳ ላይ፣ በመጨረሻ ጭነት ይዞ። እግር በሙከራውም ሆነ ከዚያ በኋላ ከፍሬን ፔዳሉ ፊት አይርቅ። የተመቸው እግር ወደ መቀመጫው ሥር መሸሽ ይወዳል።

ፔዳሉ በዘንግ ወይም በካቦ ከናፍጣ ፖምፓው ጋር ለተያያዘ መኪና ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ኪት ያስፈልጋል። ለቤንዚን መኪና የተሠራው በአየር መሳብ የሚሠራ ኪት አይሆንም፤ የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር አየር ማነቂያ ስለሌለው በመግቢያው ላይ ያ የመሳብ ኃይል የለም። በኤሌክትሪክ ሞተር ወይም ከፍሬን ታንኩ በሚወሰድ አየር የሚሠራ ይፈለጋል። ኤሌክትሪኩ 24 ቮልት ከሆነ ኪቱ በዚያው ቮልት የሚሠራ መሆኑ ይታይ። ካቦው ዱላውን የሚይዘው በልቅ ሰንሰለት መሆን አለበት፤ ሹፌሩ በእግሩ ሲጨምር ሰንሰለቱ ይላላል፣ ካቦው ሲሰነከል ደግሞ ከዱላው የሚነጠልበት መንገድ ይኖራል። የፖምፓው መመለሻ ሞላ አይነካ፤ ሁለተኛ ሞላ ቢጨመርበት ይመረጣል። የፍሬንና የፍሪሲዮን ማብሪያዎቹ እዚህም ተረግጠው የሚቋረጡ እንጂ የሚገናኙ አይሁኑ። ሞተር ማጥፊያው በተቀመጡበት በእጅ የሚደረስበት ይሁን። ዱላው በእጅ ተስቦ ሲለቀቅ በራሱ፣ ሳያመነታ ካልተመለሰ ግን መጀመሪያ ሞላውና መገጣጠሚያዎቹ ይታዩ፤ ኪቱ ሳጥኑ ውስጥ ይቆይ።